ያልቀመስኩት ቀይ

ማ ቶኮ ልጆቹን አልመረዘችም። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት፣ የቀረውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ቢኖር ይህቺን ታህል ይዞ እንዲሄድ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር አካባቢ ኬክ የሚያዝ ያገሬ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ያቺ ሴትዮ» እያለ ሲያነሳት ሰምቻለሁ። በማታውቀው ቋንቋ፣ ባልተጠራችበት ሽምግልና፣ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ሳለች ተፈረደባት። ለፍርዱ ምስክር ሆኜ የቀረብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወርቅነሽ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት የፎንዳንት ቀለም ስቀላቅል ኖሬ ዘንድሮ አቆምኩ። ፎንዳንት ከስኳር ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ሊጥ ታሽቶና ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብሱት ነገር ነው። ያቆምኩት የእጄ አንጓ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። ሥራውም ቢሆን እጅ መፈለጉ ቀርቷል። ዛሬ ቀዩም ጥቁሩም ፋብሪካ ውስጥ ተቀልሞ በባልዲ ይመጣል፤ የሚቀረው ክዳን መክፈት ነው። ቤት ስውል ይህንኑ ነገር እየደጋገምኩ ሳወራ የልጅ ልጄ ሰላም ሰለቻትና «አያቴ፣ ለእኔ ከምትነግሪኝ ጀስት ጻፊው» አለችኝ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ላርሳት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄን ቀበርኳት። ሁለቱ ልጆቿ በእጄ ቀሩ። ሂልብሮው ውስጥ አንድ ክፍል ከሌላ ቤተሰብ ጋር በመጋረጃ ተካፍለን እንኖር ነበር። መጀመሪያ ጀፕ ምግብ ቤት ሳህን አጠብኩ፤ ባለቤቷ ሽንኩርት ስልጥ እንኳ ከኋላዬ ቆማ የምታይ ሴት ነበረች። ቀጥዬ ዛንድስፕሩት ሎኬሽን፣ የቆርቆሮ ቤቶች የሞሉበት የድሃ ሰፈር፣ ገብቼ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጥኩ። ሱቁ በተዘረፈ ማግስት ባለሱቁ «ፍርግርጉን ለምን ከፈትሽላቸው?» አለኝ። አልከፈትኩም፤ በመጋዝ ነው የቆረጡት። መጋዙ የበላውን ብረት በጣቴ አሳየሁት፣ ሊያምነኝ አልፈለገም። ያን ዕለት ጥዬለት ወጣሁ። ያላጠፋሁትን ጥፋት የምሸከም ሴት አልነበርኩም።

አቶ ታምራት ኬክ ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁ ጀፕ መንገድ አጠገብ፣ ድሮ የሐኪሞች ቢሮ በነበረ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየክፍሉ ሐኪሞቹ እጃቸውን ይታጠቡበት የነበረ ገንዳ አለ። ዕቃ ላጥብ ተቀጠርኩ። የቀለሙን ክፍል የምትመራው ማ ቶኮ ነበረች። ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ነጭ ሻሽ የማይለያት የዚሁ አገር ሴት ናት። በዕድሜ ብዙ አንራራቅም።

«ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«ወርቅነሽ።»

«ሃይቦ! ይሄን ሁሉ ለመጥራት መጀመሪያ ምሳ መብላት አለብኝ። ወርቂ ብዬሻለሁ።»

የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር፤ መሃል መሃሉን እሷ ዙሉ ትጨምርበታለች፣ እኔ ሲጨንቀኝ አማርኛ እጨምርበታለሁ። እዚህ የምጽፈው ንግግሯ በእኔ አፍ የተመለሰ ነው።

ሳህን ሳጥብ እጄን አየችው። በሦስተኛው ሳምንት ጓንት ሰጠችኝና ቀይ አስተማረችኝ። ከቀለም ሁሉ ክፉው ቀይ ነው። ነጩን ፎንዳንት በእጅ ሙቀት እስኪለሰልስ ያሹታል። እጅ እንዳይዝ ትንሽ የረጋ ዘይት ይቀባሉ። ቀለሙ ውኃ የሆነ አይደለም፤ ውኃ ስኳሩን ያቀልጠዋል። እንደ ማር የወፈረ ጄል ነው፣ በስቴኪኒ ጫፍ እየተነካ ይገባል። አንዴ የነካ ስቴኪኒ ወደ ዕቃው አይመለስም፣ ይጣላል። በመጀመሪያ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ የበሰለ ፓፓያ። ከዚያ የተቀጠቀጠ ቲማቲም። እዚያ ላይ ማቆም ነው።

«ገና አልቀላም» አልኳት።

«አውቃለሁ። በፕላስቲክ ጠቅልይውና ወደ ቤትሽ ሂጂ። ሌሊቱን ራሱ ይቀላል። ዛሬውኑ አቀላዋለሁ ብለሽ ቀለም ከጫንሽበት ይለጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ይመራል።»

በማግስቱ ፕላስቲኩን ስፈታ እንደ ደም ሆኖ ጠበቀኝ።

ጥቁር ደግሞ ከነጭ አይጀመርም፤ ከነጭ ከጀመሩት የዝናብ ደመና መስሎ ይቀራል። መጀመሪያ በካካዎ ቡናማ ማድረግ ነው። ሐምራዊን ብርሃን ይበላዋል። ውስጡ ያለው ሮዝ ቶሎ ይሞትና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል፤ ስለዚህ ካርቶን ውስጥ ይደበቃል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእሷ ነው። ቀለም ሲደርስ ከኒዮን መብራቱ ሥር አንስታ ወደ መስኮቱ ትወስደዋለች። መስኮቱ ላይ ሳታይ «ሆኗል» ብላ አታውቅም። «ሰው ኬክ የሚበላው ከሰማይ በታች ነው» ትላለች።

አንድ ጊዜ ለአገሩ ባህል ሠርግ የዶቃ ንድፍ ያለበት ባለ አምስት ደርብ ኬክ ሠራን፤ ነጭ ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች። ልናስረክብ ሁለት ሰዓት ሲቀረን ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ መጣና መብራት ሄደ። ኬኩ ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ማላብ ጀመረ። የሚያልብ ኬክ ከተነካ ቀዩ ነጩ ላይ ይፈስሳል። እኔ ጨርቅ አነሳሁ።

«ብትነኪው እጅሽን እቆርጠዋለሁ» አለችኝ።

ካርቶን ቀድዳ ሰጠችኝና ግራና ቀኝ ቆመን አራገብንለት። እሷ የቤተክርስቲያን መዝሙር እየዘመረች በዜማው ልክ ታራግባለች፤ እኔ ክንዴ ሲዝል እሳደባለሁ። ላቡ ራሱ ደረቀ። ሙሽራዋ ስታየው ጮኸች። ማ ቶኮ «ሼም፣ ምስኪን፣ አሁን የሚያልባት እሷን ብቻ ነው» አለችኝ በጆሮዬ።

ከልማዷ ሁሉ የማይታለፈው ግን መቅመስ ነበር። እያንዳንዱ ቅልቅል፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ምላስ ላይ ሳይቀመጥ ከክፍሉ አይወጣም። ያቀላቀለው ሰው ያኝካል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ስሙን ፕላስቲኩ ላይ ይጽፋል። ስም የሌለበት ፎንዳንት ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። አቶ ታምራት «ይሄ ሁሉ ለስኳር ነው?» ሲላት «አንተ አልቀመስከውም፣ ዝም በል» ትለዋለች። እንዲህ የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው የጾም ቀን ሲመጣ «ዛሬ አልቀምስም» አልኳት።

«ለምን? ስኳር ነው እኮ።»

«ጄላቲን አለበት። ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው የሚወጣው።»

መነጽሯን አደረገችና አየችኝ። «የእናንተ እግዚአብሔር የኬክ ቤት ዕቃ ዝርዝር ያነባል?»

«ያነባል።»

እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ከእኔ ቅልቅል ቆረሰችና አፏ ውስጥ ጨመረችው። «እሺ። በጾምሽ ቀን አፍሽ እኔ ነኝ» አለች። አራት ዓመት እንደዚያ ሠራን። በጾም ወራት በእኔ ፎንዳንት ላይ ሁለት ስም ይጻፍ ነበር።

አሁን የዚያን ዓርብ ነገር ልጻፍ።

ፍልሰታ ነበር። ነሐሴ እዚህ ደረቅና ንፋሳም ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ለስድስት ዓመት ልጅ ልደት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ታዝዞ ነበር። ቤተሰቡ ያገሬ ሰዎች ናቸው፣ የማይጾሙ። ማ ቶኮ የደም ግፊት መድኃኒቷን ለመቀበል ከንጋት ጀምሮ ክሊኒክ ተሰልፋለች። ቀይ ጄል አልቆ ነበር። አቶ ታምራት ጽሑፍ የሌለበት ቆርቆሮ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቀይ ዱቄት ነው፣ እትዬ ወርቅነሽ። ከቻይናዎቹ ማከፋፈያ ነው ያመጣሁት። ከተማው ሁሉ በሱ ነው የሚሠራው።»

«ለምግብ ነው?»

«ታዲያ ለግድግዳ ላመጣው ነው?»

አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ሁለቴ ሦስቴ ሳሸው ቀላ። ሮዝ የለ፣ ቲማቲም የለ፣ ሌሊት መጠበቅ የለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ቀይ ሠርቼ አላውቅም። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ እዚያም ያው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ሽታው የአዲስ ፕላስቲክ ጫማ ሽታ ነበረው። አፍንጫዬ ነግሮኛል፣ ዓይኔ ግን አልሰማውም።

ጾም ላይ ነበርኩና አልቀመስኩትም። ሾፌሩ ወጥቷል፣ ጋጋሪዋ እንደኔው ጿሚ ናት። ቆርሼ ወደ መንገድ ወርጄ የመጀመሪያውን መንገደኛ «ቅመስልኝ» ማለት እችል ነበር። አላደረግሁትም።

ቀትር ላይ ማ ቶኮ ደወለች። ከኋላዋ የክሊኒኩ ጫጫታ ይሰማል።

«ቀዩ እንዴት ሆነ?»

«ቆንጆ።»

«አፍ ውስጥ ገብቷል?»

አልገባም ብላት ከሰልፉ ወጥታ፣ መድኃኒቷን ትታ፣ ታክሲ ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ይህ ለሷ አዝኜ ያደረግሁት ይመስላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ እያልኩ ራሴን አባብያለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ ያለ እሷ አፍ መሥራት እንደምችል ለማሳየት ፈልጌ ነበር።

«ገብቷል» አልኳት። «ቀምሼዋለሁ።»

ፕላስቲኩ ላይ ስሜን ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ማ ቶኮ ማልዳ ገባች። ስሜን ፕላስቲኩ ላይ አይታ ሳትቀምስ ዳመጠችው። መኪናውን አለበሰች፣ መሰላሉን ሰቀለች፣ ጎማዎቹን ገጠመች፣ ቀዩን የሚያብለጨልጭ ቅባት ቀባችው። በእጇ ከወጡት ኬኮች ሁሉ የሚያምረው ይመስለኛል። ከቀትር በኋላ ልጆቹ በሉት።

ማታውን ሰባት ልጆች አስመለሳቸው። አፋቸውና ጣታቸው ለቀናት ቀይ ሆኖ ቀረ። የልደቱ ባለቤት ታናሽ እህት፣ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሆስፒታል አራት ሌሊት ተኛች። ተረፈች። የእናቷን ፊት ግን እስካሁን አያለሁ።

ቤተሰቡ ፖሊስ ሊጠራ ሲነሳ፣ እንደኛ ሰው ልማድ ሽማግሌ ገባ። ሰኞ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች እዚያው ኬክ ቤቱ ውስጥ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀመጡ። ቤተሰቡ ክስ ይተዋል፣ አቶ ታምራት ለሕክምናው ይክሳል፣ ጥፋተኛው ደግሞ ከኬክ ቤቱ ይወጣል። የቀረው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበር። ሁሉም በአማርኛ ነው። ማ ቶኮን ማንም አልጠራትም። ኮሪደሩ ላይ፣ ሐኪሞቹ ይጠቀሙበት በነበረው አግዳሚ አጠገብ ቆማ ነበር።

ከመግባቴ በፊት አቶ ታምራት ደረጃው ላይ ያዘኝ። ቆርቆሮው ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፍቷል።

«አንተ ነህ ያመጣኸው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ቀስ ይበሉ እትዬ። በስልክ ቀምሼዋለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሷ ያሉትን ለሽማግሌዎቹም ይበሉ። ሌላ አልጠይቅዎትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመኖሪያ ወረቀትዎን የሚያሳድሱት በሚቀጥለው ወር አይደል? ደብዳቤውን እጽፍልዎታለሁ» አለ።

ገባሁ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጠየቀኝ። «ዓርብ ዕለት ያቀላቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ቀምሰውታል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ዓርብ ደህና ከነበረ፣ መርዙ የገባው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የነካችው አንዲት ሴት ናት። አቶ ታምራት «ከሎኬሽኗ ርካሽ ማብለጭለጫ ይዛ ትመጣለች፣ ስንት ጊዜ ከልክያታለሁ» አለ። ማንም «እሷንስ እንጠይቃት» አላለም። የእኛ ሴት ባለመሆኗ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹ ቀለል ሲለው ሰማሁ። የእኔም ትንፋሽ አብሮ ቀለለ።

ስወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወርቂ፣ ምን አሉ?»

«አላውቅም። ጌታውን ጠይቂው» አልኳትና ወደ ገንዳው ሄጄ እጄን ታጠብኩ።

ከቀትር በኋላ ሽርጧን አጥፋ፣ የመዳመጫ እንጨቷን በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀደመ። ሁለት ኬክ ቤቶች ገና ስሟን ሲሰሙ መለሷት። በኋላ ዛንድስፕሩት መንገድ ዳር ማግዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ እንደምትሸጥ ሰማሁ። የቀለሙን ክፍል እኔ ያዝኩት። ዘጠኝ ዓመት መራሁት። ያስተማረችኝን ሁሉ ለአዲስ ሴቶች አስተማርኩ፣ መስኮቱን፣ ስቴኪኒውን፣ ካካዎውን። ከዚያ ቀን ወዲህ በጾምም በፍስክም ያልቀመስኩት ነገር ከክፍሉ አልወጣም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ተናገርኩ፣ ውሸቴንም ተናገርኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ለእግዚአብሔር ተናግሬያለሁ፣ ለማ ቶኮ አልተናገርኩም። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ይጨርሱ እል ነበር፤ ሲጨርሱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላጣሁም። ገበያ ውስጥ ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው ካየሁ እስከ ዛሬ እጣላለሁ። ሰው «ያቺ ሴትዮ» ሲል ግን ፎንዳንቴን ማሸቴን እቀጥል ነበር።

ሥራ ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ አቶ ታምራት ዘንድ ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። ወንበር ሳበልኝ።

«ጽፈህ ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ብዬ፣ እማማ?»

«ቆርቆሮውን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ማ ቶኮ ጥፋት የለባትም ብለህ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው እኮ! ማን ያስታውሰዋል?»

«ሁሉም ያስታውሰዋል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ቤተክርስቲያን በር ላይ ሲያወሩት ሰማሁ።»

እስክሪብቶውን አነሳ። የሚጽፍ መሰለኝ። «እሺ፣ እኔ ልፈርም። እርስዎስ ከሥር ይፈርማሉ? ቀምሼዋለሁ ያሉት ማን ነበሩ?»

«እፈርማለሁ» አልኩት።

አልጠበቀውም። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። «ይሂዱ እማማ፣ ይረፉ። ጦርዎን የሚሰብቁት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው?» ብሎ ሳቀ። ያንን ወረቀት እስካሁን አልፈረመም። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ፈርሜያለሁ።

በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ዛንድስፕሩት ሄድኩ። ማ ቶኮን ከሩቅ በሻሿ ለየኋት። ከስታለች። ከትልቅ ብረት ድስት ላይ ጎንበስ ብላ ሊጥ ታገላብጣለች። ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች እስኪሄዱ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ሳውቦና፣ ማ ቶኮ።»

ቀና አለች። መነጽሯን ገፋ አደረገች። «ያቦ። ወርቂ ነሽ?»

«ነኝ።»

«አርጅተሻል።»

«አዎ።» ያሰብኩት ንግግር ብዙ ነበር፤ ታክሲው ውስጥ በእንግሊዝኛ ስደረድረው ነው የመጣሁት። ሁሉም ጠፋ። «ያን ዓርብ ቀዩን አልቀመስኩትም ነበር» አልኳት። «ዋሸሁሽ። ለሽማግሌዎቹም ዋሸሁ። ጌታው ያመጣው ዱቄት ነው፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ሊጡን ገለበጠች። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ሰኞ ጀምሮ። ዕቃዬን ስሰበስብ ቁራጩ ፕላስቲኩ ውስጥ ነበር፣ ስምሽ ያለበት። አፌ ውስጥ አደረግሁት። የባትሪ ጫፍ የላስኩ መሰለኝ። ያንን ቀምሶ ‹ቆንጆ ነው› የሚል ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? በር ዘግታችሁ በቋንቋችሁ ጨረሳችሁት። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁሽ፣ አላውቅም አልሽኝ።»

ዘይቱ ይንጫጫል። አንድ ሰው መጣ፣ አራት ማግዊኛ ጠቀለለችለት፣ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አልኩት፣ በዙሉ አልኩት፣ በመጨረሻ በአማርኛ አልኩት። ከዚያ «ይቅር ትይኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«አሁንም እዚያው ነሽ? ቀለሙን የምትመሪው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈኝ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ድሮ ቀለም መስኮቱ ላይ አይታ «ይሄ አልሆነም» እንደምትለው በዚያው ድምፅ ነው የተናገረችው።

«ዘጠኝ ዓመት ሥራው በእጅሽ ነበር፣ ወርቂ» አለች። «ያኔ፣ የምታጪው ነገር ሳለ፣ መጥተሽ ቢሆን ይቅር እልሽ ነበር።»